ካርድ ክፍል ስሜን ሲጠሩ

ነዚፍ ነው ያመጣኝ፤ አሥራ ሰባት ዓመቱ፣ ገና ልጅ፣
መላጊያ ያስያዝኩት፣ መሮ ያስተማርኩት እጅ በእጅ፤
ያን ቀን እሱ አዘዘኝ፣ በጅማ ሐምሌ ዝናብ፣ "ግባ" ብሎ ከባጃጅ።

"ወዴት ነው?" አልኩት። ዝም።
አዌቱን ተሻገርን፤ ደፍርሶ እስካፉ ሞልቷል፤
ፍልጥ፣ ነጠላ ጫማ፣ ባዶ ጠርሙስ ይዞ ይሮጣል፤
ከዚያ ሁሉ ጎርፍ ውስጥ ዓይኔ ጠርሙሱን ለይቷል።
ጠዋት ነው፣ ሦስት ሰዓት፤ ገና ምንም አልቀመስኩ፤
የሚንቀጠቀጥ እጄን ከጭኔ ሥር ደበቅኩ።

ያልሞከርኩት የለም፤ ጎረቤት ይመስክር፤
ሁለት ሱባዔ ተጠመቅኩ፣ ቀዝቃዛ ፏፏቴ ሥር፤
በአሥራ አምስተኛው ቀን ስመለስ ወደ ሰፈር
አረቄ ቤቷ እንደ እናት ቆማ ጠበቀችኝ ከበር።
የነዚፍ አባት ደግሞ ሼኩ ዘንድ ወሰዱኝ፤
ሼኩ እጃቸውን ዘርግተው፣ ዓይናቸው እንባ አቅርሮ፣ መረቁኝ፤
ምን ያደርጋል፣
እሳቸው ሲመርቁኝ እኔ ቀድሜ መርቅኜ ነበርኩኝ።

በርጩማ ነው ሥራዬ። ከዋንዛ ግንድ፣ አንድ ወጥ፣
ምስማር የማያውቀው፣ በሦስት እግሩ የሚቀመጥ፤
ወጣ ገባ መሬት ላይ እንኳ የማይናወጥ።
እኔ ነኝ እንጂ የምናጥ።
ቀን በጫት እወጣለሁ፣ ማታ በጨብሲ እወርዳለሁ፤
"ነገ" የሚል መሰላል ላይ አምስት ዓመት ከርሜያለሁ።

ከዚያ መሮው አመለጠኝ፤
እንጨቱን በያዘልኝ በነዚፍ አውራ ጣት ላይ።
አልጮኸም። ደሙ ፍቅፋቂው ላይ ሲንጠባጠብ
እሱ እኔን ነበር የሚያይ።
አራት ቦታ ተሰፋ። አባቱ "ማነው?" ሲሉት
"ራሴ ነኝ" አለ።
እዚያው ቆሜ ሰማሁት።
ሰማሁት፤ ዝም አልኩ፤ ሄጄም ጠጣሁበት።

ካርድ ክፍል ወረፋው እስከ ደጅ ነው። ሽታው በረኪና።
ሰው ሁሉ የሚያውቀኝ መሰለኝ፤ ኮፍያዬን ወደ ዓይኔ ሳብኩና
ልወጣ ስል፣
"ታፈሰ!" አለ መስኮቱ፣ ጮክ ብሎ፣ እንደገና።

ስሜን ጠላሁት። "የፈሰሰ ውኃ አይታፈስም" ይላል ሰው፤
አባቴ ታዲያ ይህን ስም ምን አይቶ ነው የሰየመው?
ነዚፍ በተጠቀለለው ጣቱ ጀርባዬን ነካ አደረገው።

"በቀን ስንት ትጠጣለህ?" ሲስተር ሙኒራ ጠየቀች።
"አንድ ሁለት መለኪያ።" ነዚፍ ጣሪያውን አየ።
"ከቁርስ በፊት ነው?" አለች።
"በራሴ አቆማለሁ፣ ወንድ ነኝ" ብዬ ፎከርኩ።
"እግርህ ቢሰበር፣ 'በርታ፣ ተራመድ' ትባላለህ?" ዝም አልኩ።
"ባንዴ ብትተወው ይጥልሃል፤ እዚህ እያየንህ ይሻላል።
አልጋ አለ። መስኮቱ አጠገብ። ዝናብ ትንሽ ያስገባል።"

ሦስተኛው ሌሊት። ጉንዳን ግድግዳውን ለበሰው፤
የሞተው አባቴ አልጋዬ ጫፍ ተቀመጠ፤ ስለ ስሜ ብጠይቀው
ትከሻውን ሰበቀና ዞሮ ዝናቡን አየው።
ሙኒራ ግንባሬን ጠረገች፤ እጇ ሳሙና ሳሙና ይሸታል፤
"ይነጋል" አላለችኝም።
"አሥር ሰዓት ሆኗል" አለች። ያ ይበቃል።

አሁን ሐሙስ ሐሙስ እመጣለሁ። የሚዋጥ አለ፣ የሚወራ አለ።
በመስቀል ማግስት አንዴ ወድቄያለሁ፤ አልደብቅም፤
እንደዚያች ሐሙስ መንገድ በሕይወቴ የረዘመ የለም።
መሮውን ነዚፍ ነው የሚይዘው፤ እኔ እንጨቱን እይዛለሁ፤
አውራ ጣቴን ከስለቱ ፊት አስቀምጬ አምነዋለሁ።

ያፈሰስኩት ብዙ ነው፤ አልሰበስበውም ሁሉን።
ወረፋው ደርሶ ግን መስኮቱ ሲጣራ ስሜን፣
"ታፈሰ!"

"አቤት።"